በሩብ ደቂቃ 81

የሞተሩ ከባድ ጎማ፣ ቮላኖው፣ አልንቀሳቀስ አለ። ሁለት ጎረምሶች በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ሆነን ተንጠላጠልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ካዩን በኋላ፣ «በሉ ተዉት» አሉ። «በጉልበት የሚነሣ ቢሆንማ እማሆይም ባስነሡት ነበር።»

እማሆይ ከደጅ ጥጥ እየፈተሉ ሳቁ። ወፍጮው የእሳቸው ነው። ሟች ባለቤታቸው ተክለውት ለዓመታት የቀበሌውን እህል ሲፈጭ ኖሮ፣ መብራት ገብቶ ጎረቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ሲተከል ደንበኛው ሁሉ ወደዚያው ዞረ። ሞተሩም ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ ሳይወልቅ፣ የተቀዳለት ናፍጣ ሳያልቅ እንደቆመ ቀረ። ስምንት ክረምት አልፎበታል።

ቦታው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ማንኩሳ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ በጋሪ መንገድ ተገብቶ ነው። ማንኩሳን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ የበዛብህ አገር ብሎ ያውቃታል። እህል ለሚጭን ጋሪ ነጂ ግን ይህ ሁሉ አገር የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው፤ ምርት ካለ ደግሞ ወፍጮ አለ። በማለዳ በዚህ በኩል ያለፈ ሰው ሞተሩን ሳያይ ድምፁን ይሰማል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ እያለ የሚወጣው ድምፅ ኮረብታ ተሻግሮ «ዛሬ ይፈጫል» ይላል። ማስታወቂያም፣ ሰዓትም እሱ ነው።

«መብራቱ ጥሩ ነው፤ ሲኖር» አሉኝ እማሆይ። ሲጠፋ ግን በኤሌክትሪኩ ወፍጮ ደጅ ጆንያ ተደርድሮ ይውላል፤ ያድራል። አንድ ጊዜ ጨለማው ሲረዝም ጎረቤቶቻቸው ከጓዳ የድንጋይ ወፍጮ እያወጡ መፍጨት ጀመሩ። እማሆይ በልጅነታቸው ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥተው፣ ተንበርክከው የፈጩ ሴት ናቸው። በእጅ የሚያዘው የላይኛው ድንጋይ ስሙ መጅ ነው፤ ያ ድንጋይ መዳፍ ላይ የሚያወጣው ደረቅ ቆዳም መጅ ነው። ቋንቋው ራሱ ሥራውንና ጠባሳውን አልለየም። «የልጅ ልጄ ይህን እንድታይ አልፈልግም» አሉና በእንዝርቱ ወደ ጋሼ ጠቆሙ። «ለዚህ ነው የጠራኋቸው።»

ጋሼ የፍኖተ ሰላም መካኒክ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከናፍጣ ሞተር አልተለዩም። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለመኑኝ፤ «ካልተነሣ ሰው ይስቅብኛል፤ ከተነሣ ደግሞ የወረዳው የቆመ ሞተር ሁሉ ደጄ ይሰለፋል።» ከሁለቱ የቱን ይበልጥ እንደፈሩ አላወቅሁም።

መጀመሪያ የነኩት ቁልፍ ሳይሆን ጨርቅ ነው። በሞተሩ ጎን የተለጠፈችውን የነሐስ ሰሌዳ በአመድና በሎሚ አሹ። ከአረንጓዴው ዝገት ሥር የአምራቹ ስምና የከተማው ስም ወጣ፤ ሊስተር፣ ዱርስሊ፣ እንግሊዝ።

ዱርስሊ በምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሺር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሊስተር ፋብሪካ ይህን ዓይነቱን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1929 ለገበያ አወጣ። በቀዝቃዛ ማለዳ ያለ ማሞቂያ፣ ያለ ባትሪ፣ በእጅ ጥምዘዛ ብቻ ይነሣል፤ የዓይነቱ መጠሪያም ከዚሁ የወጣ ነው። ከቀደሙት አንዱ 5 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ በኋላ በደቂቃ 650 ዙር እየዞረ 6 የሚሰጠው መጣ፤ ከዚያም በ850 ዙር 8 የሚሰጠው። ያለ ትልቅ ለውጥ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ተመርቷል። እንግሊዞቹ ሲያቆሙም ሞተሩ አልቆመም፤ በሕንድ ጉጅራት ግዛት ራጅኮት በምትባል ከተማ ያሉ ወርክሾፖች ቅጂውን ሲሠሩት ኖረዋል። በዓለም ገጠር ውስጥ ውኃ ሲስብ፣ እህል ሲፈጭ፣ አምፖል ሲያበራ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የቆየ ሞተር ነው።

ትልቅነቱን ለመረዳት በፍኖተ ሰላም ጎዳና የሚርመሰመሰውን ባጃጅ አስቡ። የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ ነው። የእማሆይ ሊስተር የፒስተኑ መሄጃ 114.3 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 139.7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ተባዝቶ 1,433 ሲሲ ይሆናል፤ ሰባት ባጃጅ ማለት ነው። ጉልበቱ ግን ከአንዱ ባጃጅ ያንሳል። እንግዳ ነገር ይመስላል። ምሥጢሩ ዙሩ ላይ ነው፤ ባጃጁ ጉልበቱን የሚያገኘው በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ እየጮኸ ሲሆን፣ ይኸኛው በ650 እያዘገመ ነው። ያዘገመ ነገር ቀስ ብሎ ያረጃል። እያንዳንዱ ክፍሉም እጅ የሚገባበት፣ ቁልፍ የሚደርስበት፣ ቶርኖ ቤት ወስደው የሚያሠሩት ነው። ኮምፒውተር የለበትም፤ ካንዴላም የለበትም።

ካንዴላ የሌለው ናፍጣ በእሳት ስለማይነሣ ነው፤ በሙቀት ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል፤ የታመቀ አየር ይግላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ የተሳካለት ሞተር ይህንኑ ነው ያደረገው፤ አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ካጋለው በኋላ ነዳጁን ይረጭበታል፤ ነዳጁ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ጤና ሁለት ጥያቄ ነው። አየሩ በደንብ ይታመቃል? ነዳጁስ በሰዓቱ፣ እንደ ጉም ተበትኖ ይደርሳል? ጋሼ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፦ «ትንፋሹና ሰዓቱ።»

ትንፋሹ የት እንደጠፋ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲነሣ ታየ። ሲሊንደሩ ውስጥ ቀይ ጭቃ ተኝቷል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ባዶ የዘይት ጣሳ ይደፉ ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ጣሳውን የደፋ የለም። የጎጃም ክረምት ደግሞ የሚታወቅ ነው። ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆም የጭስ መውጫው ቫልቭ ተከፍቶ ስለነበር ዝናቡ በቱቦው ወርዶ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ፒስተኑ ላይ ተኛ። ፒስተኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣበቁ። አዩት? ሞተሩን ሥራ አልገደለውም፤ ሥራ ማጣት ነው የገደለው።

መዶሻ ያነሣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጋሼ ጭቃውን ጠርገው፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው ፒስተኑ አናት ላይ አፈሰሱና ሄዱ። ሄዱ ስል ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ ማለቴ ነው፤ ለሦስት ቀን። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ለጽሑፌ የያዝኩት ቀን እያለቀ ነው። እማሆይ ግን ቡና አፈሉልኝና፣ «ስምንት ዓመት የቆመ ሦስት ቀን ቢጨምር ምን አለበት?» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ፈሳሹ ቀንሶ ተገኘ፤ በፋሻዎቹ ጎን ሾልኮ ወርዷል። ጋሼ የወይራ ጉማጅ ፒስተኑ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ መታ መታ አደረጉት፤ ብረት ብረትን እንዳይነካ። ከዚያ ቮላኖውን እንደ ሕፃን አልጋ ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። ጣት የሚያህል ሄደ። ተመለሰ። ሁለት ጣት ሄደ። ከቀትር በፊት ሙሉውን ዞረ፤ ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። ጋሼ አላጨበጨቡም። «ገና ሬሳው ነው የተገላበጠው።»

የፋሻዎቹን ጉዳይ ያወቁት በቀላል መንገድ ነው። አንዱን ፋሻ አውልቀው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከተቱትና የሁለቱን ጫፎች ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለኩ። ለዚህ ስፋት 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጤና ነው። እሳቸው ሁለት ሚሊ ሜትር አገኙ። በዚያ ክፍተት አየሩ ሲታመቅ ይሾልካል፤ አየር ከሾለከ ሙቀት የለም፤ ሙቀት ከሌለ ናፍጣው ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል እንጂ አይነድም። አዲስ ፋሻ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ በአውቶቡስ ተላከ፤ ሕንድ ሠራሽ ነው። ጋሼ አንድ በአንድ እየለኩ፣ ጠበብ ያለውን በሞረድ እያስተካከሉ አስገቡት። «አዲስ ነው ብለህ ያልለካኸውን አትክተት» የሚል ሕግ አላቸው፤ ለጎረምሶቹ ሦስት ጊዜ ደገሙላቸው።

እግረ መንገዴን ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ፋሻ፣ ቢዬላ፣ ብሮንዚና፣ ኩሽኔታ፣ ቮላኖ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ቺንጋ፦ ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሲናገሩ የዋሉት ጣልያንኛ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆዩበት ጊዜ ቡሬ ላይ ምሽግ ነበራቸው። ምሽጉ ፈረሰ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ታዲያ እንግሊዝ የሠራውን፣ ሕንድ የቀዳውን ሞተር አንድ የጎጃም ሰው በጣልያንኛ ስም እየጠራ በአማርኛ ይሳደበዋል። ይህን የሚያህል መዝገበ ቃላት ማን ሰበሰበው? እኔ አላየሁም፤ ያየ ካለ ያሳየኝ።

ቫልቮቹ ብዙ አላስቸገሩም። በሞረድ ዱቄት ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር ግራና ቀኝ እየተሽከረከሩ ተፈጩ፤ ግራጫ ቀለበት እስኪያወጡ ድረስ። ከዚያ በጀርባቸው ናፍጣ ተሞላና ተጠበቀ። አልተንጠባጠበም።

መርጫው ግን አስደነገጠኝ። ጋሼ ከሞተሩ አውጥተው ከቧንቧው ጋር ደጅ ላይ አሰሩትና ጎረምሳውን ፖምፓውን አስመቱት። ከቀዳዳው የወጣው ነገር እንደ ጉም መበተን ሲገባው እንደ ጡት ወተት በቀጭኑ ፈሰሰ። እኔ ጠጋ ብዬ እጄን ልዘረጋ ስል ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ውጭው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይታያል፤ ውስጡ ግን ይመረዛል፤ እጅ የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው። ሞተር ቤት የሚውል ሁሉ ይህን ይወቅ። መርጫው ተፈታ፣ በንጹሕ ናፍጣ ታጠበ፣ መርፌው ተጠረገ፤ ሲሞከር እስ፣ እስ እያለ ጉም ተፋ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

አሁን ቀረ «ሰዓቱ»። ዘገባውን የምጽፈው ስለዚች አንዲት ሰዓት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ መረጨት ያለበት ፒስተኑ አናት ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እሳቱ ለመያዝ ቅጽበት ስለሚፈልግ ነው። ለዚህ ባለ 650 ዙር ሞተር መጠኑ ከአናት በፊት 20 ዲግሪ ነው። ቀድሞ ከተረጨ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ያንኳኳል፤ ዘግይቶ ከተረጨ ይጨሳል፣ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል። ጥያቄው ማንኩሳ አጠገብ ያለ ወፍጮ ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ በምን ይለካል ነው።

በሲባጎ። ጋሼ ሲባጎውን በቮላኖው ጠርዝ ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠምጥመው ልክ ላይ ቆረጡት። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ 20 ዲግሪ የዚያ 18ኛ እጅ ነው። ሲባጎውን ለሁለት አጠፉት፤ የታጠፈውን ለሦስት፤ ያንን እንደገና ለሦስት። ሁለት በሦስት፣ በሦስት፦ 18። በእጃቸው የቀረችው አጭር እጥፋት 20 ዲግሪ ናት። በሜትር ስለካት 10 ተኩል ሴንቲ ሜትር ሆነች፤ 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ላለው ጎማ በስሌትም የሚወጣው ይኸው ነው። እኔ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ስማር ዓመታት አልፈዋል፤ በቅጡ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የፒስተኑን አናት ማግኘት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ፒስተን አናት ሊደርስ ሲል ቮላኖው እየዞረ እሱ የቆመ ስለሚመስል ዓይን ይታለላል። ስለዚህ ጋሼ ፒስተኑ ከአናት አንድ ጥፍር ያህል ዝቅ ያለበትን ቦታ ሲወጣም ሲወርድም በጠመኔ ምልክት አደረጉና የሁለቱን ምልክቶች መካከል ወሰዱ። አናቱ እዚያ ነው። ከዚያ ሲባጎዋን ወደ ኋላ ዘርግተው ሌላ ምልክት አደረጉ። ቴስታታው ተመልሶ ታሰረ፤ የፖምፓው ቧንቧ ከአናቱ ተፈታ፤ ቮላኖው በቀስታ እየዞረ ቀዳዳው ላይ የተኛችው የናፍጣ ጠብታ ትታያለች። ጠብታዋ እንደ ዓይን ጥቅሻ የተነቃነቀችበት ቅጽበት መርጨት የሚጀምርበት ቅጽበት ነው።

ጠብታዋ የተነቃነቀችው ከምልክቱ አራት ጣት ያህል አልፎ ነው። ሞተሩ ለዓመታት ዘግይቶ ሲረጭ ኖሯል። ፖምፓውን ከሥር የሚገፋውን ብሎን ሩብ ዙር ከፍ አደረጉ። እንደገና ዞረ። ሁለት ጣት። እንደገና። አንድ ጣት። እማሆይ ለጸሎት ገብተው ወጡ፤ ጋሼ ገና ጠብታ እያዩ ነው። ጠመኔውና ጠብታው ሲገናኙ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር አሥራ አንደኛው ሙከራ ይላል።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት ማየት ለሚያናድደው አንባቢ ሌላውንም መንገድ ልንገር፤ በዚሁ አካባቢ ብዙ ቦታ የሚሠራው እሱ ነውና። ሞተሩ ሲደክም የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ በሽቦ ጠምዝዞ ዙሩን ማስጨመር። ዱቄቱ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ሰልፉ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ቮላኖ የተቀለጠ ብረት ቅርጽ ነው፤ ለመጨመቅ ይበረታል፣ ለመጎተት ይሰበራል። ሲዞር ጠርዙ ወደ ውጭ ልሂድ ይላል፤ ይህ ጉተታ የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ650 ዙር ወደ 850 የተነሣ ቮላኖ ላይ ጉተታው ሰባ በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ የቆየ ስንጥቅ ካለው ቤቱን በርግዶ የሚሄድ የብረት ቁራጭ ነው። በእኔ ፍርድ መቆጣጠሪያን በሽቦ ማሰር ስንፍና ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚቆሙት ጆንያ የያዙ ሴቶችና ሕፃናት ናቸውና።

ድንጋዩም ፍጥነት አይወድም። ሲያልፍበት ይግላል፤ ዱቄቱ የተቃጠለ ይሸታል፤ እንጀራው አይነሣም። በነገራችን ላይ ድንጋዮቹ ተነሥተው፣ የለሰለሰው ፊታቸው በመዶሻ ተወቅሯል፤ ያ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ፈጅቷል።

የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ማቀዝቀዣው ጣሪያው ሥር የቆመ የውኃ በርሜል ነው፤ ፓምፕ የለውም። የሞቀው ውኃ በላይኛው ቱቦ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይገባል፤ ሞቅ ያለ ነገር እንደሚንሳፈፍ ብቻ አምኖ የሚሠራ ነው። በርሜሉ ተሞላ። ዘይት ተጨመረ። ከናፍጣው መስመር አየር እስኪወጣ ብሎኑ ላላ፤ አረፋው ሲያልቅ ጠበቀ። አየር የገባበት ናፍጣ አይገፋም፤ አየሩ ይጨመቃል እንጂ መርጫውን አይከፍትም። በቴስታታው ጎን ያለችውን ትንሽ መሪ ጋሼ ወደ ውስጥ ጠመዘዟት። የድሮዎቹ ሊስተሮች ይህች መሪ አለቻቸው፤ ስትገባ የሚታመቀው ቦታ ይጠብና ሞተሩ በቀዝቃዛም ይነሣል፤ ከባድ ሥራ ሲይዝ ትለቀቃለች።

«አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርግ» አሉት ጋሼ የማስነሻ እጀታውን፣ ማኖቬላውን፣ ለያዘው ጎረምሳ። «ከመለሰብህ አውራ ጣትህን ይወስዳል።» የትንፋሽ ማላሊያውን ዘንግ አነሡ፤ የጭስ ቫልቩ ተከፍቶ ይቆያልና አየሩ አይታመቅም፣ ቮላኖው ይቀላል። ጎረምሳው አዞረ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ዙር፤ ፍጥነት ያዘ፤ መርጫው ውስጥ ክር፣ ክር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ዘንጉን ለቀቁት።

አንድ ጊዜ ደም፣ ብሎ ዝም አለ።

ማንም አልተናገረም። ከቱቦው ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ። ጋሼ ጭሱን አሸተቱ፤ «ናፍጣው ደርሷል፤ ሙቀቱ ነው ያነሰው» አሉ። ጎረምሳው በጃኬቱ ላቡን ጠረገና እንደገና ያዘ። በሁለተኛው ደም... ደም... አለ፤ በመካከሉ ልብ የሚያቆም ዝምታ፤ ከዚያ ደም፣ ደም፣ ደም። ቱቦው ኩክ ማለት ጀመረ። እማሆይ እልል አሉ። አንዲት ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ አጮልቃ፣ «ዛሬ ይፈጫል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ለእልልታው ጊዜ አልነበራቸውም። ከቱቦው የሚወጣውን እያዩ ነው። ነጩ ሲሞቅ ጠፋ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነበር፤ አልመጣም፤ ፋሻዎቹ ይዘዋል። ቺንጋው ከድንጋዩ ጋር ተያይዞ በቆሎ ሲፈስበት ግን ጥቁር ጭስ መጣ። ጥቁር ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ አገሩ ራሱ አለበት። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ቡሬ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ መቶኛ ያህል ይቀራል ብሎ መያዝ ይቻላል። ዱርስሊ ላይ 6 የፈረስ ጉልበት የሆነው ሞተር እዚህ 5 ሊሞላ ይቸግረዋል። ያንኑ የእንግሊዙን ያህል ናፍጣ ካጎረሱት የተረፈው ጥቀርሻ ይሆናል። ጋሼ የናፍጣውን ጣሪያ ትንሽ ቀነሱ። ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት ሽቅብ ቢወሰድ ከዚህም እንደሚቀንሱ ነገሩኝ። በሙሉ ጭነት በሰዓት ሊትር ተኩል ገደማ የሚጠጣ ሞተር ስለሆነ፣ ናፍጣ በበርሜል በአህያ በሚመጣበት አገር የጭሱ ቀለም ገንዘብ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ዙሩን መቁጠር ነው። መቁጠሪያ መሣሪያ የላቸውም፤ የእጅ ሰዓት አላቸው። ይህ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚተኩሰው። በደቂቃ 650 ዙር ከሆነ 325 ጊዜ ኩክ ይላል፤ በሩብ ደቂቃ 81። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እኔ ሰዓቱን ይዤ፣ 88 ቆጠሩ። በደቂቃ 704 ዙር መሆኑ ነው። የሞላውን ብሎን አላሉ፤ 84። ትንሽ አላሉ፤ 81። በቆሎው ሲገባበት 78 ሆነ፤ ጭነት ሲለቀው ተመልሶ 81። ብሎኑን በሁለተኛ ዳዶ ቆልፈው፣ ካቻቢቴውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «አሁን ሽቦ የሚያስር ሰው ቢመጣ፣ እማሆይ፣ በመቋሚያዎ ይምቱልኝ» አሉ።

የእማሆይ ወፍጮ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሁሉ ይሠራል፤ መብራት ሲኖርም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንዳይዝግ ብቻ፣ ሩብ ሰዓት ይነሣል። እንዲህ ያለ ሞተር ጓሮ ውስጥ ቆሞ ለቁራሌው በኪሎ ሊሸጥ የታሰበበት ቤት በጎጃም ብዙ ነው። እርስዎም ካለዎት ከመሸጥዎ በፊት ቴስታታውን ያስነሡ፤ ያ ባይሆን እንኳ ክረምቱ ሳይገባ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ ይድፉበት።